የፈረስ ሽንት፣ ኩላሊትና ትል፦ የቱ በሽታ ነው፣ የቱ አይደለም?

ፈረስ ያለው ሰው ሽንት ላይ ለየት ያለ ነገር ካየ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው ኩላሊት ነው። ሽንቱ ከደፈረሰ ኩላሊት፣ ጉዝጓዙ ላይ ቀይ ነገር ከታየ ኩላሊት፣ ፈረሱ ወገቡን ሲነኩት ከሸሸ ወይ ኮርቻ አልጫንም ካለ እሱም ኩላሊት ይባላል። በዛ ላይ ሶሻል ሚዲያው "ኩላሊት የሚያጥብ" ተብሎ በሚሸጥ ዱቄትና ቅጠላ ቅጠል ተሞልቷል፣ የትል መድሃኒት ስጡት በሽንቱ ትል ይወጣል የሚል ምክርም ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፣ አንዱ የሰማውን ሌላው ይጨምርበትና መጨረሻ ላይ የቱ በምርመራ የታወቀ የቱ ግምት እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ሰው ከሚፈራቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ከኩላሊት ጋር አይገናኙም። ኩላሊት የምሩን ሲታመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽንቱን በዓይን አይቶ የሚታወቅ ነገር የለም። ጥገኛ ተዋህሲያን (ፓራሳይት) የሚባሉትም ቢሆኑ በፈረስ የሽንት አካላት ውስጥ የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አንዱ ምንም የማያደርግ ሌላው ገዳይ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ላይ "የኩላሊት ትል" ብሎ መጥራት ህክምናውንም ያሳስታል።

ድፍርስ ሽንት ጤነኛ ነው

የሰውን ሽንት ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይዋጥለትም፣ ግን ጤነኛ አዋቂ ፈረስ የሚሸናው ሽንት ድፍርስ ነው። ምክንያቱ ካልሲየም ነው። ሰውን ጨምሮ ብዙ እንስሳት ከምግብ የሚገባውን ካልሲየም አንጀታቸው ላይ ይመጥኑታል፣ ሰውነት የሚፈልገውን ያስገቡና ሌላው ከሰገራ ጋር ይወጣል። ፈረስ እንደዛ አይደለም፣ አንጀቱ ያገኘውን በብዛት ይስብና ትርፉን የማስወጣቱን ስራ ለኩላሊት ይተወዋል። የፈረስ ሽንት ደግሞ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 9 ስለሆነ ካልሲየሙ እዛው ካልሲየም ካርቦኔት ወደሚባል ደቃቅ ክሪስታል ይቀየራል። በተጨማሪ ሽንት ከኩላሊቱ የሚወርድበት ቦታ ላይ ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ የሚያመነጩ እጢዎች አሉ፣ ለዛ ነው አንዳንዴ ሽንቱ የሚዝለገለገው። ፈረሱ ሊጨርስ ሲል የሚወጣው ከመጀመሪያው ወፈር ብሎ ነጣ ሊል ይችላል፣ ፊኛው ሥር የተኛው ዝቃጭ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ።

እንደውም ሊያሳስብ የሚገባው ተቃራኒው ነው። ወተት የሚጠባ ውርንጭላ ጥርት ያለ ሽንት ቢሸና ተፈጥሮው ነው፣ ብዙ ፈሳሽ ነው የሚወስደው። አዋቂ ፈረስ ግን ሁልጊዜ ውሃ የመሰለ ሽንት በብዛት የሚሸና ከሆነ "ንጹህ ነው ኩላሊቱ ደህና ነው" ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 15 ሊትር ገደማ ይሸናል፣ ከ25 ሊትር በላይ ከሆነ ከልክ አልፏል፣ በቀን ከ50 ሊትር በላይ ውሃ ከጠጣም እንደዛው (ሙቀት፣ ከባድ ስራና የምታጠባ ባዝራ ሲሆን ሂሳቡ ይለወጣል)። ብዙ መጠጣት ሁሉ ግን ኩላሊት አይደለም። ጋጣ ውስጥ ሲውል የሰለቸው ፈረስ ዝም ብሎ ውሃ ይጠጣል፣ የሚላስ ጨው የሚያበዛም አለ፣ በእድሜ የገፋ ፈረስ ከሆነ ደግሞ ፒፒአይዲ የሚባለው (ድሮ ኩሺንግ ይሉት የነበረው) ከአንጎል ሥር ያለች እጢ የሚነሳ ችግር ከኩላሊት በሽታ በጣም የበዛ ነው።

ያ ክሪስታል ችግር የሚሆንባቸው ጊዜያትም አሉ። አንደኛው ጠጠር ነው። የፈረስ የሽንት ጠጠር በብዛት ፊኛ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ የተሰራውም ከዚሁ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የተለመደው አይነት ቢጫማ ቡኒ ሆኖ ላዩ ሹል ሹል ያለ ነው። ወንዶች፣ በተለይ የተኮላሹት፣ ከባዝራ ይልቅ ይያዛሉ ምክንያቱም የባዝራ የሽንት መውጫ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ትንንሹ ጠጠር ሳያድግ ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ፊኛው በነርቭ ጉዳት ምክንያት በደንብ መጨመቅ ሲያቅተው ዝቃጩ እዛው ተጠራቅሞ እንደ ጭቃ የሚከብድበት ነው። ይሄኛው ፈረስ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተውና ይንጠባጠብበታል፣ የኋላ እግሩ ቆዳም በሽንት ይላጣል፣ ሰውም የኩላሊት ህመም ይመስለዋል፣ ችግሩ ያለው ግን ህብለ ሰረሰሩ ጋ ወይም ከዛ የሚወጡት ነርቮች ላይ ነው።

ቀይ ሽንት ሲታይ

የብዙ ሰው ድንጋጤ እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጎ ማየት ይጠቅማል። የፈረስ ሽንት ውስጥ ከሚበላው እጽዋት የሚመጡ ፓይሮካቴኪን የሚባሉ ውህዶች አሉ። ሽንቱ ሲወጣ ቢጫ ነው፣ አየር ሲያገኘው ግን ኦክሲዳይዝ ይሆንና ብርቱካንማ፣ ከዛ ቀይ፣ ከዛ ቡኒ ይሆናል። በረዶ ላይ ወይም ነጭ የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ላይ ሲሆን ልክ ደም የፈሰሰ ይመስላል፣ ጠዋት ጋጣውን የከፈተ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መለያው ቀላል ነው፦ ሽንቱ መሬት ሳይነካ በነጭ እቃ ይቀበሉታል። ሲወጣ ቢጫ ሆኖ ቆይቶ ከቀላ የእጽዋት ቀለም ነው፣ በቃ ምንም አይደለም። ሲወጣም ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ነው ጉዳዩ የሚጀምረው።

ሲወጣ ጀምሮ የቀላ ሽንት ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ፣ ራሱ ደም፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች። ሁለት፣ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም የደም ሴሎቹ ደም ሥር ውስጥ እያሉ ፈርሰው የወጣው ቀለም። ሦስት፣ ማዮግሎቢን፣ ማለትም ከተጎዳ ጡንቻ የወጣ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ እንደ ቡና የጠቆረ። በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ብቻ እነዚህን መለየት አይቻልም፣ ለሦስቱም "ደም አለ" ነው የሚለው። ሽንቱ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ደም ከሆነ ሴሎቹ ከታች ይቀመጡና ላዩ ይጠራል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን አይጠሩም፣ ከዛ ከፈረሱ ደም ተወስዶ ሲታይ ፈሳሹ ክፍል (ፕላዝማው) ሮዝ ከሆነ ሄሞግሎቢን፣ ጥርት ያለ ከሆነ ማዮግሎቢን ወደሚለው ያደላል። እንዲህ መለየቱ የሚጠቅመው የሦስቱ ምንጭ ስለሚለያይ ነው፣ አንዱ የሽንት መንገድ ችግር ነው፣ አንዱ የደም፣ አንዱ የጡንቻ። ሁለቱ ቀለሞች ግን ሲያልፉ ኩላሊቱን ራሱን ይጎዱታል፣ በተለይ ፈረሱ ውሃ ካጠረው።

ደም ከሆነ ደግሞ መቼ እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። ሽንት ሲጀምር ብቻ ከታየ ምንጩ ወደ መውጫው ቱቦ ነው፣ ሲጨርስ ብቻ ከሆነ ወደ ፊኛው አንገት አካባቢ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሆነ ፊኛው ወይም ኩላሊቱ ሊሆን ይችላል። ከግልቢያ በኋላ ብቻ ደም የሚሸና፣ አርፎ ሲውል ግን የሚጠራለት ፈረስ ካለ የፊኛ ጠጠር መጀመሪያ መጠርጠር አለበት፣ ፈረሱ ሲሮጥ ጠጠሩ የፊኛውን ግድግዳ ስለሚፍቀው።

ስለ ወገብ ህመሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኩላሊቶቹ ከመጨረሻዎቹ ጎድኖች ጋ ከወፍራም የጀርባ ጡንቻና ከአጥንት ሥር ናቸው፣ በእጅ ተጭኖ አይደረስባቸውም፣ ስለዚህ ሲነኩት የሚሸሽ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻው፣ አከርካሪው ወይም የማይስማማው ኮርቻ ነው ምክንያቱ። እንደሚሸና ሆኖ እየተለጠጠ የማይሸና ፈረስም ብዙ ጊዜ ሆዱን ቁርጠት ይዞት ነው እንጂ ሽንት ከልክሎት አይደለም።

ኩላሊቱን በእውነት የሚጎዳው ምንድነው?

የፈረስ ኩላሊት በድንገት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ በሽታ መሃል ነው። ኃይለኛ ተቅማጥ፣ የአንጀት ቁርጠት፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ በሙቀት ረጅም መንገድ መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ የደሙን መጠን ይቀንሱና ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ከልብ ከሚወጣው ደም አንድ አምስተኛ የሚሆነው ወደ ኩላሊት ነው የሚሄደው፣ ግን አከፋፈሉ እኩል አይደለም፣ የውስጠኛው ክፍል በጤናው ጊዜም የሚያገኘው ጥቂት ነው። ውሃ ሲያጥር ሰውነት ፕሮስታግላንዲን በሚባሉ ኬሚካሎች የዛን ክፍል የደም ሥሮች ከፍቶ ያቆይለታል።

ፊኒልቡታዞን (ፈረሰኞች በአጭሩ ቡት የሚሉት) እና ዘመዶቹ የሆኑት የህመም ማስታገሻዎች ችግር የሚፈጥሩት እዚች ላይ ነው። ህመሙን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሰራ በመከልከል ነው፣ ሲከለክሉ ደግሞ ያንን የኩላሊት መከላከያ አብረው ያነሱታል። ውሃ በደንብ የሚጠጣ ፈረስ በትክክለኛ መጠን ለጥቂት ቀን ቢወስደው ኩላሊቱ ብዙም አይጎዳም። ውሃ ያጠረው ፈረስ ላይ ግን፣ ወይም ከሚገባው መጠን በላይ ሲሰጥ፣ ወይም ሁለት አይነት ማስታገሻ "ቶሎ እንዲሻለው" ተብሎ አንድ ላይ ሲሰጥ የውስጠኛው ክፍል ህብረ ህዋስ ይሞታል። ሁለተኛው የታወቀ መድሃኒት ጀንታማይሲን ነው፣ አንቲባዮቲክ ነው፣ የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ውስጥ ይጠራቀማል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ቫይታሚን ኬ3 (ሜናዲዮን) በመርፌ ለፈረስ ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ቫይታሚን ስለተባለ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ሁለት ጫፍ የያዘ ክርክር አለ። አንዱ ወገን እነዚህ መድሃኒቶች መርዝ ናቸው አትስጡ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ስንት ዓመት ሰጥተናል ምንም አልሆነም ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ጀንታማይሲን ሳምባው በባክቴሪያ የተጠቃን ፈረስ ህይወት ያተርፋል፣ አሰጣጡም አሁን በቀን አንድ ጊዜ የሆነው በመሃል ያለው ጊዜ ኩላሊቱ እንዲያስወጣው ስለሚረዳ ነው። ዋናው ጉዳይ መድሃኒቱ ብቻ ሳይሆን ፈረሱ ሲወስደው የነበረበት የውሃ ሁኔታ ነው፣ እና ጉዳት የደረሰባቸው ፈረሶች ታሪክ ሲታይ መድሃኒትና ድርቀት አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። "ኩላሊት የሚያጥብ" የሚባለውም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት፣ ሽንት የሚያበዛ ነገር ኩላሊትን አያጸዳም፣ ውሃ ነው የሚያስወጣው፣ ውሃ ባጠረው ፈረስ ላይ ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል።

በቶሎ ከተደረሰበት፣ ጎጂው መድሃኒት ቆሞ በደም ሥር ፈሳሽ ከተሰጠው፣ አጣዳፊው የኩላሊት ጉዳት ሊድን ይችላል። ፈሳሽ ተሰጥቶት ሰዓታት አልፈው ሽንት አልወጣም ካለ ነው ተስፋው የሚመነምነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣው

ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ በፈረስ ላይ ብዙ አይታይም። በሰሜን አሜሪካ የእንስሳት ህክምና ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ከመጡ ፈረሶች 0.12 በመቶ ያህሉ ላይ ብቻ ነው የተመዘገበው፣ እድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን ቁጥሩ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ከድመት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አስቸጋሪነቱ ዝም ማለቱ ነው። ኩላሊት ትልቅ ትርፍ አቅም አለው፣ አንዱ ቢወጣ እንኳ ሌላው ይሸከማል፣ ከማጣሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛው ካልጠፉ ሽንት የማወፈር ችሎታው አይቀንስም፣ ወደ ሦስት አራተኛው ሲደርስ ነው ደም ውስጥ ዩሪያና ክሬያቲኒን (ኩላሊት ማስወጣት የነበረበት ቆሻሻ) የሚጨምሩት። ስለዚህ ፈረሱ መጀመሪያ የሚያሳየው ሽንት ላይ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ ነው፦ ይከሳል፣ ምግብ ይመርጣል፣ ጠጉሩ ይሻክራል፣ ከሆዱ ሥር እብጠት ይወጣል፣ ጥርሱ ላይ ታርታር ከልክ በላይ ይከማቻል። እነዚህ ደግሞ የሌላ ብዙ በሽታ ምልክትም ስለሆኑ የጥርስ ችግር ነው፣ ትል ነው፣ እርጅና ነው እየተባለ ጊዜ ያልፋል።

ፈረስ ላይ ለየት የሚለው ነገር ካልሲየሙ ነው። ሰውና ውሻ ላይ ኩላሊት ሲደክም ካልሲየም ይወርዳል ወይም ብዙም አይለወጥም፣ ፈረስ ላይ ግን ይወጣል፣ ምክንያቱም አንጀቱ እየሳበ ማስወጫው ተዘግቷል። አልፋልፋ (ካልሲየም የበዛበት መኖ) የሚበላ ከሆነ የበለጠ ይወጣል፣ ወደ ሳር ድርቆሽ ሲቀየርለት ይወርዳል። ለዚህም ነው የኩላሊት ህመምተኛ ፈረስ ከአልፋልፋ እንዲርቅ የሚመከረው። ፕሮቲኑን በአንዴ መከልከል ግን አይደገፍም፣ ፈረሱ ቀድሞውኑ ጡንቻው እየከሳ ነው። መዳኛ የለውም፣ ግን ክሬያቲኒኑ ከ5 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ ፈረስ እየበላ እየጠጣ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ከ10 ሲያልፍ ነው ሁኔታው የሚከፋው።

ሽንት አካላት ውስጥ የሚገኙት ጥገኞች

የመጀመሪያው ክሎሲየላ ኤኩይ ነው። ትል አይደለም፣ ባለ አንድ ሴል ፕሮቶዞዋ ነው፣ በፈረስ፣ በአህያ፣ በበቅሎና በሜዳ አህያ ኩላሊት ውስጥ ይኖራል፣ በኩላሊቱ ማጣሪያና ቱቦ ሴሎች ውስጥ ተባዝቶ ዘር የሚመስል ቅርጹ በሽንት ይወጣል። ሌላው ፈረስ በሽንት የተበከለ ምግብ ወይም ውሃ ሲወስድ እንደሚይዘው ይታመናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ፈረሱ በሌላ ምክንያት ሞቶ ኩላሊቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። በሽታ ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ነገር ብዙም የለም፣ የበሽታ መከላከያው በደከመ ፈረስ ላይ ነው በብዛት የሚገኘው። ህክምናም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ዳዮክቶፋይማ ሬናሌ ነው፣ ግዙፉ የኩላሊት ትል። "ኩላሊቱ ውስጥ ትል ነበረ" የሚለው ወሬ ምንጩ ይሄ ሳይሆን አይቀርም ምክንያቱም ሴቷ እስከ 1 ሜትር ትረዝማለች፣ ደም የመሰለች ቀይ ናት፣ ኩላሊቱን ከውስጥ በልታ ቆዳው ብቻ እንዲቀር ታደርጋለች። ግን ዋናው መኖሪያዋ ሚንክ የሚባለው የዱር እንስሳና ውሻ ነው፣ ዓሳና እንቁራሪት ስለሚበሉ። ፈረስ የሚይዘው እጯን የያዘ ትንሽ የውሃ ትል ከረግረግ ውሃ ጋር ሲውጥ ነው፣ እሱም ብርቅ ነው።

ሦስተኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሃሊሴፋሎበስ ጂንጂቫሊስ ይባላል፣ የድሮ ስሙ ማይክሮኔማ ዴሌትሪክስ ነበር። ከግማሽ ሚሊሜትር የማትበልጥ ክር ትል ናት፣ በተፈጥሮዋ የማንም ጥገኛ አይደለችም፣ አፈር ውስጥ፣ ፋንድያና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ባክቴሪያ እየበላች ነው የምትኖረው። አልፎ አልፎ ግን በቁስል ወይም በአፍ ውስጥ ባለ ጭረት ፈረስ ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1954 ከፈረስ ድድ እብጠት ነው፣ ስሟም ከዛ መጣ። ከገባች በኋላ ወንድ አያስፈልጋትም፣ ሰውነት ውስጥ የሚገኙት ሴቶች፣ እንቁላልና እጭ ብቻ ናቸው፣ ሴቷ ብቻዋን እንቁላል ጥላ ትባዛለች።

የምትወዳቸው ቦታዎች አንጎልና ኩላሊት ናቸው፣ ድድ፣ መንጋጋ፣ ዓይንና የባዝራ ጡትም ላይ ተገኝታለች፣ ውርንጭላውንም በወተት እንደምትይዘው የሚያሳይ ነገር አለ። ኩላሊት ላይ ስትሰፍር ሰውነት ሊከባት ሲሞክር ጠንካራ ግራጫማ እብጠት ይፈጠራል፣ በአልትራሳውንድ ሲታይ ካንሰር ይመስላል፣ ኩላሊቱ ተቆርጦ ሲታይም ካንሰር ነው የሚመስለው፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ነው ትንንሾቹ ትሎች በመቶዎች ተቆላልፈው የሚታዩት። አንዳንዴ በሽንት ውስጥ እጮቿ ስለሚገኙ ትኩስ ሽንት ማየት ብቸኛው በህይወት እያለ የማወቂያ እድል ሊሆን ይችላል። አንጎል ከገባች ፈረሱ ይዞራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ድድ ላይ ብቻ ሆና የተገኘችባቸውና በቀዶ ጥገና እንዲሁም አይቨርሜክቲንና በከፍተኛ መጠን ፌንቤንዳዞል በሚባሉት የትል መድሃኒቶች የዳኑ ፈረሶች አሉ፣ አንጎል ላይ ግን መድሃኒቱ በበቂ መጠን አይደርስም፣ ሲታወቅም ረፍዷል።

ሰውን ትይዛለች ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተዘገበው የመጀመሪያው ታማሚ ካናዳ ውስጥ በፋንድያ መበተኛ ማሽን የቆሰለ ልጅ ነበር። በ2013 ደግሞ ካርዲፍ፣ ዌልስ ውስጥ ምክንያቱ ካልታወቀ የአንጎል ሽፋን ብግነት ከሞተ ሰው ኩላሊት የተቀየረላቸው ሁለት ሰዎች በዚችው ትል ሞተዋል። ፈረስ ግን ለሰው ያስተላልፋል የሚባልበት ማስረጃ የለም፣ ምንጩ አፈርና ፋንድያ ነው፣ ቁስልን ከነሱ መጠበቅ ለሁሉም ይሰራል።

ከውጭ በኩል ደግሞ ሃብሮኔማ አለ። ዝንብ የምታመጣው የጨጓራ ትል እጭ ነው፣ ዝንቧ እርጥብ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የወንድ ፈረስ ብልት ጫፍ ላይ ስታርፍ እጩን ትጥላለች፣ እዛም የማይድን ቁስል ይፈጠርና ሽንት ሲሸና ያመዋል፣ ይረጫል፣ ደም ይቀላቅላል። ከኩላሊት ጋር ግንኙነት የለውም።

"በሽንቱ ትል ወጣ" የሚሉት ብዙዎቹ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላዩም። ፒንዎርም (ኦክሲዩሪስ ኤኩይ) የሚባለው የትልቁ አንጀት ትል ሴቷ ፊንጢጣ ድረስ ወጥታ ነው እንቁላሏን የምትጥለው፣ ነጭና ረጅም ስለሆነች በሽንት የራሰ ጉዝጓዝ ላይ ወይም የባዝራ ብልት ከንፈር አጠገብ ስትታይ ከየት እንደመጣች መሳሳት ቀላል ነው። የትል መድሃኒት ከተሰጠ በኋላ ጉዝጓዝ ላይ የሚታየውም ከፋንድያው የወጣ ነው።

ደም ውስጥ ሆነው ኩላሊት የሚያስቸግሩት

በቁጥር ካየነው ኩላሊትን በይበልጥ የሚያስቸግሩት ጥገኞች ኩላሊት ውስጥ የማይኖሩት ናቸው። መዥገር የሚያስተላልፋቸው ቴይሌሪያ ኤኩይ እና ባቤሲያ ካባሊ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብተው ያፈርሱታል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ድዱ ይገረጣል ወይም ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀላል ወይም ይጠቁራል። ይሄኛው ቀይ ሽንት ከላይ ያልነው ሄሞግሎቢን ነው፣ ኩላሊቱ የሚጎዳውም ቀለሙን ሲያሳልፍ ነው። እዚህ ላይ የጎላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ምክንያቱም ማከሚያው ኢሚዶካርብ ራሱ በመጠን ካልሆነ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ አህያና በቅሎ ደግሞ ከፈረስ የባሰ አይችሉትም።

ስትሮንጃይለስ ቩልጋሪስ የሚባለው ትልቅ ቀይ ትልም አለ፣ እጩ ወደ አንጀት በሚሄደው ዋና ደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ወራት ይቆያል፣ እዛ የረጋ ደም ይፈጠራል፣ ቁራጩ ተነስቶ አንዳንዴ የኩላሊት ደም ሥር ይዘጋል። ሌፕቶስፓይራ ግን ከጥገኛ ጋር መቆጠር የለበትም፣ ባክቴሪያ ነው፣ በሽንት ስለሚወጣና ሰውንም ስለሚይዝ ነው ስሙ አብሮ የሚነሳው፣ የትል መድሃኒት አይነካውም።

ታዲያ የትል መድሃኒት ማብዛቱስ?

አንዳንዱ ሰው ይሄን ሁሉ ሲሰማ "እንግዲያው ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው" ይላል። ለሃሊሴፋሎበስ በመደበኛው መጠን መስጠት ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፣ ትሏ አፈር ውስጥ ነው ያለችው፣ መቼ እንደምትገባም አይታወቅም። ክሎሲየላ ደግሞ ትል ስላልሆነ የትል መድሃኒት አይነካውም። ማብዛቱ ያመጣው የታወቀ ነገር አለ፣ ትንንሾቹ የአንጀት ትሎች በብዙ አገር ፌንቤንዳዞልን ለምደውታል፣ የውርንጭላ ወስፋትም አይቨርሜክቲንን መልመድ ጀምሯል።

ግን መድሃኒቱ ከተቀነሰ ትሉ ይመለሳል የሚለው ስጋትም ባዶ አይደለም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የትል መድሃኒት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሸጥ አድርጋ፣ ፋንድያቸው ተመርምሮ ብዙ እንቁላል የተገኘባቸው ፈረሶች ብቻ እንዲታከሙ ሲደረግ፣ ለመጥፋት ተቃርቦ የነበረው ስትሮንጃይለስ ቩልጋሪስ መልሶ በዛ። ምክንያቱም የእንቁላል ቆጠራው የዚህን ትል እንቁላል ከትንንሾቹ አይለይም። አሁን ሚዛናዊ የሚመስለው አሰራር እንቁላል እየቆጠሩ ማከም ሆኖ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ግን ለሁሉም ፈረስ መስጠት ነው፣ ያም የሚደረገው ለደም ቧንቧው ትል ተብሎ እንጂ ለኩላሊት ተብሎ አይደለም።

ምርመራው ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች

የፋንድያ ምርመራ ሽንት ውስጥ ያለውን አያሳይም፣ ሽንት ለብቻው ነው የሚታየው። መመርመሪያ ወረቀቱ ለሰው ሽንት የተሰራ ነው፣ የፈረስ ሽንት አልካላይን ስለሆነ ፕሮቲን ሳይኖር "ፕሮቲን አለ" ሊል ይችላል፣ በሱ ብቻ ኩላሊቱ ታሟል ማለት አይገባም። አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ደሙ ውስጥ ክሬያቲኒን ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ ከእንግዴ ልጁ ችግር የቀረ ሊሆን ስለሚችል በሁለት ሦስት ቀን ከወረደ ኩላሊቱ ደህና ነው። ውሃ ያጠረው ፈረስ ክሬያቲኒኑ ከወጣ ደግሞ ወሳኙ የሽንቱ ውፍረት (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) ነው፣ ከ1.025 በላይ ከሆነ ኩላሊቱ ውሃ እየቆጠበ ስራውን እየሰራ ነው፣ ከ1.008 እስከ 1.014 መሃል ከሆነ ግን ማወፈር አቅቶታል። ይሄ የሚሰራው ናሙናው ፈሳሽ በደም ሥር ከመሰጠቱ በፊት ከተወሰደ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ የሚገኘው ቀጭን ሽንት የተሰጠው ውሃ ይሁን የኩላሊቱ ድክመት አይታወቅም። ፈረስ በብዛት አዲስ ጉዝጓዝ ሲነጠፍለት ስለሚሸና እቃ ይዞ ያኔ መጠበቅ ነው፣ የተቀበሉትንም ሴሎቹና ካሉም እጮቹ ሳይበላሹ ቶሎ ማይክሮስኮፕ ጋ ማድረስ።